«ስጋት የለም» ብዬ ያስጻፍኩላት ልጄ

በዚያ ቀን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ካለው ዋርካ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። ከፕሮጀክቱ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ወረቀት የያዘች ወጣት ሴት፣ ሌላው መኪናውን የሚነዳ ጎልማሳ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የምታስተምረን የልማት ሠራተኛ። የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለት የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችንን የሚመሩት ሽማግሌ፤ እሳቸው ለምን እንደተጠሩ ስላልገባቸው «የሞተ ሰው አለ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከየቤቱ የተጠራን እናቶች፣ ሃያ የማንሞላ። ከእነሱ መካከል በአጥር ብቻ የምንለያየው ጎረቤቴ፣ እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም። የእሷ ልጅ። የእኔ ልጅ። እና እኔ። የልጄ አባት አልነበረም። የሰው መሬት በእኩል ያርሳልና፣ ማሽላው እሸት ይዞ ስለነበር ወፍ ሊጠብቅ ወርዶ ነበር።

የነበሩትን አንድ በአንድ የምቆጥረው ያልኩትን ሁሉም ስለሰሙ ነው። «እንዲህ አላልኩም» ማለት አልችልም።

ወሩ መስከረም ነው፤ ወደ ግሸን የሚሄዱ ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በሐይቅ ከተማ የሚያልፉበት ሰሞን። ሰፈራችን ከሐይቁ በላይ ነው። ዝቅ ስንል ውሃውን፣ ቀና ስንል የአምባሰልን ተራራ እናያለን። ውሃ እያየን ዝናብ የምንለምን ሰዎች ነን፤ ውሃው ከታች ነው፣ መሬታችን ከላይ። እሱም መሬት ለሦስት ወንድማማች ተከፋፍሎ ለአንድ ጥማድ በሬ መዞሪያ አይበቃም። ስለዚህ ልጆቻችን ይሄዳሉ። በሰፈራችን አዲስ ቆርቆሮ የሚያበራበትን ቤት ስታዩ የዚያ ቤት ልጅ ዐረብ አገር ናት ማለት ነው። ቆርቆሮ የሌለበት ቤትም ልጅ ልኮ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን ከሩቅ ማወቅ አይቻልም።

ሊቀመንበሩ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ድህነት ነው ልጆቻችንን የሚያሰድዳቸው አለ። እዚሁ የሚበሉበትን ብናገኝላቸው ማን አገሩን ይጠላል አለ። እውነት ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለውን ነው የተናገረው። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ስደትን ከምንጩ እናደርቀዋለን!» ሲል ጎረቤቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣

«ምንጩማ ደርቋል፣ ሊቀመንበር! ለዚህ አይደል እንዴ የሚሄዱት?» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። የቅሬው ዳኛ ግን አልሰሙም ነበርና «ምን አለች? ማን ሞተ አለች?» ብለው እንደገና አሳቁን።

የመጣው ነገር እንዲህ ነው። በሐይቁ ዳር ቀበሌው የያዘው ለጥ ያለ መሬት አለ። ፕሮጀክቱ የውሃ ሞተርና ቱቦ፣ ዘርና መድኃኒት ይሰጣል፤ ሴት ልጆች ተደራጅተው ሽንኩርት ያለማሉ። ቦታው ለጥቂት ልጆች ብቻ ስለሚበቃ ቅድሚያው «የስደት ስጋት ላለባቸው» ነው። ይህን ቃል ያነበበችው ወረቀት የያዘችው ወጣት ናት። ልጅ እግር ናት፣ ከልጄ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ትሑት ነበረች፤ እናቶችን ሁሉ «እናቴ» እያለች ነው የጠየቀችው።

ልጄ በዚያ ቀን ነጠላ ጫማዋን አጥባ ነበር የመጣችው። አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ነጥብ አልመጣላትም፤ በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦ፣ መጽሐፉ ተቃጥሎ፣ እንዴት ይምጣላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውላ ነበር። ግን ዝም ብላ አልዋለችም። ከቤታችን ጀርባ በተቀደደ ጆንያና በተሰበረ ሳፋ ውስጥ የሽንኩርትና የጎመን ችግኝ ታፈላለች። ዘሩ ስስ ብሎ ካልተዘራ አንገቱ እንደሚቀጥን፣ ገለባው መቼ ከላዩ እንደሚነሳ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ማንም አላስተማራትም። ችግኟን ሰው እየመጣ በእፍኝ ይገዛት ነበር። የሐይቁ ዳር መሬት ሲነሳ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች። አባቷ በሬ ሲገዛ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጥያቄው በሰው ፊት ነው የተጠየቀው፣ በየተራ። ጎረቤቴ ከእኔ ቀደመች።

«እናቴ፣ ልጅሽ የስደት ስጋት አለባት?»

«ስጋት ብቻ? የእኔማ ሻንጣዋን አስራ ተቀምጣለች! ዛሬ ባትመዘግቢያት ነገ ጅዳ ናት።»

ልጇ አጠገቧ ሆና አፏን በሻሽዋ ሸፈነች። ያቺ ልጅ በጣም ፈሪ ነበረች፤ ዶሮ ሲታረድ ወጥታ የምትሮጥ። ደሴን እንኳን ከእናቷ ጋር እንጂ ለብቻዋ ሄዳ አታውቅም። ሻንጣም አልነበራቸውም። ወጣቷ ግን ጻፈች።

ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ እናቴ እንዴት እንዳሳደገችኝ መናገር አለብኝ። እናቴ ክፉ ነገርን በስሙ አትጠራም ነበር። እባብ ቤት ቢገባ «ያ ገመድ መጣ» ነው የምትለው። ልጅ ሲያተኩሰው «ሞቅ ብሎታል» እንጂ «ታመመ» አትልም። አፍ ይጠራል ትለኝ ነበር፤ ክፉ ሰሚ አለው ትለኝ ነበር። እኔም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አብዛኛውን የማውቀውን ያገኘሁት ከእሷ ነው። በልጄ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ «ትሰደዳለች» የሚል ቃል ከአፌ እንዲወጣ! ስሟ ከዚያ ቃል ጋር በወረቀት እንዲጻፍ! ሌላም ነበር። ከዚያ በፊት ልጅ የሄደችባቸውን እናቶች ቀበሌው ጠርቶ «ደላላውን አውጡ» እያለ ሲያመላልሳቸው አይቻለሁ። ስለ ስደት የሚጠይቅ ወረቀት ለበጎ ይመጣል ብዬ እንዴት ልመን? ደግሞም ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ «ልትሄድ የተጻፈች ናት» ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ።

«የለባትም፣ ልጄ» አልኳት። «ኧረ በአላህ! የእኔ ልጅ አስባውም አታውቅ።»

«ምንም ስጋት የለም?»

«የለም። ወላሂ የለም።»

ወጣቷ ጻፈችና፣ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለእኔም ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «ስጋት የለም።»

ልጄ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሰው ሊቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሲስቡበት እንደሚያየው አየችኝ። ይባስ ብሎ እኔ አውቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍራሿን ሳነሳ በደብተሯ ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶ አግኝቼ ነበር፣ አዲስ የተነሳቻቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።

በሕይወቴ ያልሰጋሁበት ቀን የለም። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ያውቀኛል፤ ልጆቼ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ከኋላ እየተከተልኩ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ከዚያች ወረቀት በቀር «ስጋት የለም» ብዬ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ያልታመመ ሰው መድኃኒት ይሰጠዋል እንዴ? እኔ ሞኝ መስዬሽ ነው ሻንጣ ያሳሰርኳት?»

«እኔ በልጄ አላሟርትም።»

«በይ እንግዲህ ልጅሽ ሟርት ሳይነካት ቁጭ ትበል» አለች። ቀልዷን ነበር፤ ክፋት የላትም።

ልጄ ከኋላችን ነበረች። ቤት ደረስን። ከዚያ ችግኟን ውሃ እያጠጣች፣ ሳታየኝ፣

«እማ፣ ለምን ዋሸሽ?» አለችኝ።

«አልዋሸሁም። አትሄጂማ! ትሄጃለሽ እንዴ?»

«መሬቱን ቢሰጡኝ አልሄድም ነበር» አለች።

አባቷ ከማሽላው ሲመለስ ነገርኩት። ወንጭፉን ሳያስቀምጥ ሰማኝ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። «ከሰው አፍ ስትጠብቂያት ከእንጀራዋ አወጣሻት» አለኝና ሊታጠብ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ አላነሳውም።

በሦስተኛው ቀን ልጄን ይዤ፣ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ያቺን ወጣት ቢሮዋ አገኘኋት። ሌሊቱን ሁሉ የተለማመድኩትን ተናገርኩ። «ልጄ፣ ተሳስቼ ነው። ስጋት አለባት። ብዙ ስጋት አለባት» አልኩ። ይህን ስል በልቤ አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀን፣ እያልኩ ነበር።

ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። «እናቴ፣ ዝርዝሩ ወደ ዞን ሄዷል። በእኔ እጅ አይደለም» አለች። ፊቷ ላይ ማዘኗ ይታያል። «ሁለተኛ ዙር ግን አለ። እሱ ለተመላሾች ነው። ልጅሽ ዐረብ አገር ሄዳ ተመልሳለች?»

«ኧረ አልሄደችም!»

«እንግዲያ እሱም አይመለከታትም።»

ልጄ ከጀርባዬ ሆና ሳቀች። «ታዲያ ደርሼ ልመለስ እንዴ?» አለቻት። ወጣቷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ጥቅምት ላይ የሐይቁ ዳር ሥራ ተጀመረ። የጎረቤቴ ልጅ መደብ ደረሳት፤ ነገር ግን ችግኝና አረም አትለይም። በሁለተኛው ሳምንት እናቷ አጥሩ ላይ ቆማ ተጣራች። «የእኔዋ ሽንኩርቱን ነቅላ አረሙን ልትተክል ነው! እባክሽ ልጅሽን አውሺኝ!» ልጄ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አብረው ወረዱ፣ አብረው ወጡ። ልጄ ችግኝ አፈላች፣ አዛወረች፣ ቱቦ ጎተተች። ልማት ሠራተኛዋ ስትመጣ ስለ ሥራው የምትጠይቀው ልጄን ነበር፤ ስሟ የሌለበትን። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ እየወረድኩ አያቸው ነበር። ውሃው ቅርብ ስለሆነ ሰግቼ እንጂ ለሌላ አይደለም እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ፣ ውሃው በቦዩ ሲወርድ፣ ልጄ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ በጭቃው ውስጥ ስትራመድ ሳይ፣ «ያ ረቢ፣ አሁንማ አትሄድም» እላለሁ። እነዚያን አራት ጉርድ ፎቶዎች ግን በየሳምንቱ አያቸው ነበር። አራት ናቸው። እንደገና አያለሁ፣ አራት ናቸው።

ሽንኩርቱ የካቲት ላይ ደረሰ። ጥሩ ነበር። ገበያም አገኘ፤ መኪና ከደሴ መጥቶ ከማሳው አነሳው። ጎረቤቴ ሐቀኛ ሴት ናት፤ ልጇ ድርሻዋን ከልጄ ጋር እኩል እንድትካፈል አደረገች። ያን ቀን ለኛም ቀይ ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ መጥታ፣ «በይ፣ ስጋት የሌለብሽ፣ እንኪ!» ብላ ከበራችን ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ለታናሽ እህቷ ጫማ ገዛች። ለእኔ ሻሽ። ከዚያ የቀረውን አስቀመጠች። ለምን እንደምታስቀምጥ ጠየቅኋት።

«ለሚቀጥለው ዘር» አለችኝ።

አመንኳት። እሷም ያን ጊዜ እውነቷን ይመስለኛል።

ከዚያ ሞተሩ ቆመ። አንዲት ዕቃ ተሰብራ ነበር፤ ትመጣለች ተባለ። መጋቢት ገባ፣ ዕቃዋ አልመጣችም። ልጆቹ ማለዳ እየወረዱ በጀሪካን ያጠጡ ነበር፤ ፀሐይዋ ከጀሪካኑ ትፈጥናለች። አንድ ቀን ልጄ ስትመለስ መዳፏ ተልጦ ነበር። ቅቤ ቀባኋት። «ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ» አለች።

ሁለቱ የሄዱት በገበያ ቀን ነው፣ በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየ። ችግኝ ሊሸጡ ወደ ሐይቅ እንደሚወርዱ ነገሩን። ሳፋውን እኔ ነኝ በራሷ ላይ ያነሳሁላት። «ፀሐይ ነው፣ ተሸፈኚ» አልኳት። «እሺ እማ» አለችኝ። ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። ሲመሽ ባጃጅ ነጂው ሳፋውን መለሰልኝ፤ ችግኙን እዚያው መናኸሪያ ላይ ለአንዲት ሴት በነፃ ሰጥተውት፣ የኮምቦልቻ መኪና ይዘዋል አለኝ። ፍራሹን አነሳሁ። ደብተሩ አለ፣ ፎቶዎቹ የሉም።

ወደ ጎረቤቴ ስሮጥ እሷ ወደ እኔ ስትሮጥ አጥሩ ላይ ተገናኘን። አፏን በመዳፏ ትመታ ነበር። «አፌ ነው! አፌ ነው! በገዛ አፌ ሻንጣዋን አሰርኩላት! ማርያምን፣ ቀልዴን ነበር!» እያለች። ይዣት መሬት ላይ ተቀመጥን። እሷ ብላው ሆነ። እኔ አይሆንም ብዬ ሆነ። የእሷ ልጅ መሬት አግኝታ ሄደች፣ የእኔ አጥታ ሄደች። የሄዱበትም ገንዘብ ያው የሽንኩርቱ ድርሻ ነው። ያን ቀን ዋርካው ሥር «አዎ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጄ ትቀር ነበር? ከዚያ ወዲህ ይህን ያላሰብኩበት ሰዓት የለም። አባቷ «ተይው» ይለኛል። አንዳንዴ ትቀር ነበር እላለሁ፤ ያን ጊዜ ራሴን እጠላለሁ። አንዳንዴ የጎረቤቴን ልጅ አስቤ አትቀርም ነበር እላለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእንግዲህ ምን ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም። አንድ የሽንኩርት ምርት፣ አንድ ሞተር፣ አንዲት የጠፋች ዕቃ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ከላይ ያለው መሬታችን አልሰፋም።

በትክክል ለመናገር አራት ልጆች አሁንም ሐይቁ ዳር መሬቱ ላይ አሉ። በጀሪካን ያጠጣሉ። ጎበዞች ናቸው። እናቶቻቸውን መንገድ ላይ ሳገኝ ስለ ልጆቻቸው አልጠይቅም፤ እነሱም ስለ ልጄ አይጠይቁኝም።

ያቺ ወጣት ግንቦት ላይ እቤቴ ድረስ መጣች። የሄዱትንና የቀሩትን ልትመዘግብ ነው የተላከችው። ውሃ ሰጠኋት። ስለ ልጄ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀጥላ፣ ወረቀቱ ስለሚያስገድዳት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እናቴ፣ ታናሽ እህቷስ? ስጋት አለባት?»

ታናሿ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እጇን አቁማ ምን እንደምል ጠበቀች። አፌን ከፈትኩ። የለም ብል፣ አንድ ጊዜ ብዬ አይቼዋለሁ። አለ ብል፣ ጎረቤቴ ብላ አይታዋለች። ወጣቷ ብዙ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ያንን መስመር ባዶውን ትታ ሄደች።

የጎረቤቴ ልጅ ዐረብ አገር ደርሳለች፤ ሰው ቤት ገብታ ትሠራለች። ሁለት ጊዜ ደውላለች። በአፋር፣ በሎግያ በኩል ወጥተው፣ በእግር ብዙ ቀን ሄደው፣ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ የሚባለው ባሕር ዳር አብረው ደርሰዋል። ጀልባው ላይ ሲያሳፍሯቸው ሰው ሞላና ልጄ ወደ ኋላ ቀረች። «ነገ በሚነሳው ትመጣለች አሉን፣ የመን ሆኜ ሦስት ቀን ጠበቅኋት» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አይቻታለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ከዚያ ወገን የተመለሰ ልጅ አለ በተባልኩበት ሁሉ ሄጃለሁ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ስም የሰጡ እናቶችን ደላሎች፣ ያልያዙትን ልጅ «ይዘናል» እያሉ፣ ገንዘብ ስለሚጠይቋቸው ነው።

ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። ቀጭን ናት፣ ረዘም ትላለች። በግራ እጇ አውራ ጣት ሥር የማጭድ ጠባሳ አለ። ስትወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስና ጥቁር ሻሽ አድርጋ ነበር። ከየት ነሽ ብትባል ከሐይቅ ነኝ ትላለች፣ ወይም አምባሰል። በመጋቢት መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ፣ ኦቦክ ላይ፣ በጀልባ ላይ፣ የመን ውስጥ፣ ወይም እስር ቤት ያያት፣ ወይም ስለ እሷ ከሌላ ሰው የሰማ ካለ፣ ምንም ዓይነት ወሬ ቢሆን፣ እባካችሁ ሐይቅ መናኸሪያ ላሉት ባጃጅ ነጂዎች ንገሯቸው። እነሱ ቤቴን ያውቁታል።